የኳዱ ካቴናና የጥርሶቹ ሒሳብ

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንጨዋወተው ስለ ጂ.ኤስ.ቲ.፣ ስለ ታክሲ ኢንሹራንስና ስለ ሱቅ ኪራይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ካቴና ልጽፍላችሁ ነው። ርእሱ ከሒሳብ ሠራተኛ ብዕር የሚጠበቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁንና ዳውንታውን ወደሚገኘው ቢሮዬ የደረሰኝ ካርቶን ተሸክመው ከሚመጡት ደንበኞቼ መካከል ያገለገለ ባለአራት ጎማ ሞተር፣ የአገሩ ሰዎች ኳድ የሚሉትን ማለት ነው፣ የገዙት ጥቂት አይደሉም። ከታክሲው ጎማና ከሱቁ መብራት ደረሰኝ መሐል «ካቴና»፣ «ስፕሮኬት» የሚል ወረቀት ይወጣል። ያን ወረቀት ምን እንደማደርገው ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ሰው ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚከፍል ላስረዳ፤ እኔም ከፍዬበታለሁና።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሦስት ሆነን አንድ ኳድ ገዛን። አንደኛው ሸሪክ በዕድሜ የሚበልጡን የታክሲ ባለቤት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ በ17ኛ አቬኑ ሳውዝ ኢስት እንጀራና ቅመማ ቅመም የምትሸጥ የሱቅ ባለቤት ናት። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ኳዱ 400 ሲሲ፣ የኋላ ጎማዎቹን በካቴና የሚነዳ የስፖርት ዓይነት ነው። ከመክፈላችን በፊት ወደ ሬጅስትሪ ሄደን በሻንሲ ቁጥሩ ዕዳ እንዳለበት አስፈተሽን። ይህን እንዳትዘነጉ አደራ። በአልበርታ ያገለገለ ተሽከርካሪ ስትገዙ ሻጩ ያልከፈለው ብድር በዕቃው ላይ ተመዝግቦ ከተገኘ አበዳሪው ከእጃችሁ ሊወስደው ይችላል። ፍተሻው የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙ አይርቅም። የእኛው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ያልፈተሽነው ካቴናውን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ኳድ ሁሉ ካቴና የለውም። ለእርሻና ለጭነት የሚሠሩት ትልልቆቹ ባለአራት ጎማ አንቀሳቃሽ አብዛኞቹ ኃይሉን የሚያስተላልፉት በጎማ ቀበቶና በዘንግ ነው። ካቴና የምታገኙት በስፖርት ዓይነቶቹ፣ በልጆች ትንንሽ ኳዶችና እንደ ፖላሪስ ትሬይል ቦስ ባሉት የቆዩ የዱር መንገድ ሞተሮች ላይ ነው። ባለካቴናው ቀላልና ዋጋውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ከእኛ ሰው እጅ የሚገባው በብዛት እሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ (እኛ አገር ክረምት ነው፤ እዚህ ደግሞ ሰዉ በካናቴራ የሚሄድበት ወር) ኳዱን በተጎታች ጭነን ወደ ማክሊን ክሪክ ወጣን። ማክሊን ክሪክ ከብራግ ክሪክ አልፎ በሀይዌይ 66 የሚኬድበት፣ ለእንዲህ ዓይነት ሞተሮች የተፈቀደ የመንግሥት መሬት ነው፤ ከዳውንታውን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የጋሼ ልጅ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ኳዱን ይዞ ድንጋያማውን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጉልበት የለውም። በአንደኛ ማርሽ እንኳ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ድረስ እየያዘ ነበር የሚገፋው። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ እኛ ቆመን እምናይበት ድረስ መጣ። ከዚያ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ካቴናው ጥርስ እየዘለለ ነበር። በሦስተኛው ካቴናው ተበጥሶ ከፊት ጥርሱ ኋላ ተጠቀለለ።

ዳገት ላይ ካቴና ሲበጠስ ሞተሩ ጎማውን መያዙን ያቆማል። ኳዱም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የእኛው ኳድ የኋላ ፍሬን አክስሉ ላይ ስለሆነ ልጁ እግሩን ሲያሳርፍ ያዘለት እንጂ ኳዱ ተገልብጦበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በሌላ አንደበት ነበር። ሞባይሉ ኔትወርክ አልነበረውም። በገመድ እየጎተትን መኪናው ጋ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ታክሲያቸውን ከታች አቁመው የተበጠሰውን ካቴና በፌስታል ይዘው ቢሮዬ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ደንበኛ የግብር ቅጽ ተዘርግቶ ነበር፤ እላዩ ላይ ጋዜጣ አነጠፍን። ጋሼ በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። ካቴናውን በጣታቸው ወደ ጎን አጠፍ አድርገው አይተው «ይህማ ከሞተ ቆይቷል» አሉ። እኔ ማስመሪያ አወጣሁ።

ካቴና የሚለካው እንዲህ ነው። የእኛው 520 የሚባለው ዓይነት ነው። ቁጥሩ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው አኃዝ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ያለውን ርቀት በስምንተኛ ኢንች ይናገራል፤ 5 ማለት አምስት ስምንተኛ ኢንች ወይም 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። ቀሪዎቹ 20 የውስጡን ስፋት ይናገራሉ፤ ይኸውም ሁለት ስምንተኛ፣ ማለትም ሩብ ኢንች። ትንንሾቹ የልጆች ኳዶች 420 ወይም 428 ይይዛሉ፤ የእነሱ ርቀት ግማሽ ኢንች ነው። ሱቅ ገብታችሁ «የኳድ ካቴና ስጡኝ» ከማለት ይህን ቁጥር መናገር ይሻላል። ቁጥሩ ካቴናው ጎን ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

እንግዲህ 20 ማያያዣ፣ ማለትም 21 ፒን ቆጥራችሁ ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ፒን መሐል እስከ መጨረሻው መሐል ለኩ። አዲስ 520 ካቴና 317.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እጅግ ቢፈቀድለት ከመቶ ሁለት እጅ፣ ማለትም እስከ 324 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ከዚያም ያነሰ ወሰን በመመሪያ መጽሐፋቸው ያስቀምጣሉ። የእኛው 325 መጣ። ካቴና «ረዘመ» ይባላል እንጂ ብረቱ እንደ ላስቲክ አይሳብም። በእያንዳንዱ ማያያዣ ውስጥ ያለው ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቱቦ ተፋቅተው ጥቂት ጥቂት ይከፈታሉ። 94 ማያያዣ ላይ ያ ጥቂት ሲደመር ከ3 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የሒሳብ ሰው ይህን በሚገባ ይረዳዋል፤ የሱቅ ኪሳራም የሚመጣው በየቀኑ ከምትጎድለው ሃምሳ ሳንቲም ነው።

የካቴና ታሪክ ራሱ ለዚህ ዓምድ የሚስማማ ነው። ዛሬ በብስክሌት፣ በሞተርና በኳድ ላይ የምናየውን ባለቱቦና ባለሮለር ካቴና በ1880 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ያስመዘገበው ሐንስ ሬኖልድ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ስደተኛ ነበር። በ1873 ወደ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ገባ። በ1879 ሳልፎርድ ውስጥ ለጨርቃ ጨርቅ ማሽን ካቴና የሚሠራ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ገዛ፤ በማግሥቱ ዓመት የሠራው ነገር ዓለምን አዳረሰ። ታክሲ ነጂ ደንበኞቼም ሳያውቁት በካቴና ነው የሚኖሩት። የፕሪየስና የካምሪ ሞተር ውስጥ ቫልቮቹን የሚያስተካክለው ካቴና የዚያው ዘመድ ነው። ጠዋት በብርድ ስታስነሱ የሚንኳኳ ድምፅ ከፊት በኩል ከሰማችሁ ዘይቱን ማየት አትርሱ። ወደ ኳዱ ልመለስ።

ካቴናው ማለቁ ታወቀ። ክርክሩ የመጣው ጥርሶቹ ላይ ነው። የሱቁ ባለቤት ሸሪካችን ዋጋ ጠይቃ ነበርና «ካቴናው ተበጠሰ፤ ካቴና እንግዛ። ያልተሰበረ ጥርስ ለምን እንጥላለን?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ እኔም በመጀመሪያ ከእሷ ጋር ነበርሁ። ጋሼ ግን የፊቱን ጥርስ ፈትተው አምጥተው አሳዩን። አዲስ ጥርስ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የእኛው ወደ አንድ ወገን ተጎንብሶ፣ ጫፉ ሾሎ እንደ ማጭድ ሆኗል። ያለቀ ጥርስ የተራራቀውን የድሮ ካቴና ለምዶ የተበላ ስለሆነ አዲሱን ካቴና በትክክለኛው ርቀት አይቀበለውም፤ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ሁለት ጥርስ ላይ ይወድቅና አዲሱን በጥቂት ጊዜ ያስረጀዋል። የፊቱ ጥርስ ትንሽ ስለሆነ ከኋለኛው ሦስት እጥፍ ያህል ይዞራል፤ ስለዚህ ቀድሞ ያልቃል። ካቴናው 118፣ የፊት ጥርሱ 29፣ የኋላው 65 ዶላር ነበር። ካቴናውን ብቻ ገዝተን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ካቴና ከምንገዛ ሦስቱንም ባንዴ መለወጥ እንደሚረክስ በወረቀት ላይ አስቀመጥሁላት። «እሺ፣ ግን ከዚህ በኋላ ቅባቱን ራሴ ነኝ የምቆጣጠረው» አለች። ተስማማን።

ጥርስ የሚለወጥ ከሆነ ዘንድ ስንት ጥርስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የእኛም ኳድ ዳገት የጠላበት ምክንያት እዚሁ ተገኘ።

የማርሹ ጥምርታ የሚገኘው የኋላውን ጥርስ ቁጥር ለፊቱ በማካፈል ነው። ውጤቱ ትልቅ ከሆነ ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ትንሽ ከሆነ ተቃራኒው ይሆናል። የታክሲ ሰዎች ይህን በክራውን ቪክቶሪያ ታስታውሱታላችሁ። ፎርድ ያን መኪና መሥራት ያቆመው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው እንጂ ስንቱን ቤተሰብ ያሳደገ መኪና ነው። ከፖሊስ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ የኋላ ዲፈረንሻሉ 3.27 ሲሆን የሲቪሉ 2.73 ነበር። የፖሊሱ ከመብራት ሲነሳ ይፈናጠራል፤ የሲቪሉ ደግሞ ወደ ኤርፖርት በዲርፉት ትሬይል ሲሄድ ሞተሩ ዝግ ብሎ ነዳጅ ይቆጥባል። ኳድም ያው ነው።

የእኛ ኳድ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊት 14፣ ኋላ 38 ጥርስ ነበረው፤ 38 ለ14 ሲካፈል 2.71 ነው። የቀድሞው ባለቤት ግን ሜዳ ላይ መሮጥ ወድዶ ኖሮ ፊት 15፣ ኋላ 36 አስገጥሞበታል፤ ይህ 2.40 ብቻ ነው። ያ ብቻም አልነበረም። የኋላ ጎማዎቹን ከ20 ኢንች ወደ 22 ኢንች ቀይሯቸዋል። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጉልበቱን በዚያው ልክ ይወስዳል። 2.40ን በ20 አባዝተን ለ22 ስናካፍል 2.18 ይመጣል። ከፋብሪካው 2.71 ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሃያ እጅ የሚሆን ጉልበት ጠፍቷል ማለት ነው። ምስኪኑ ልጅ ዳገቱን የወጣው በሁለተኛ ማርሽ ያህል ነው። ፍሪሲዮኑ የተቃጠለው፣ ካቴናውም ከአቅሙ በላይ የተወጠረው ለዚህ ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ፊት ላይ አንድ ጥርስ መቀነስ ኋላ ላይ ሦስት ጥርስ ገደማ ከመጨመር ጋር እኩል ነው። 14ን ወደ 13 ብታወርዱት ጥምርታው ከ2.71 ወደ 2.92 ያድጋል። የኋላውን 38 ወደ 41 ብታሳድጉት 2.93 ይሆናል። የፊቱ ጥርስ ርካሽ ስለሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ለሙከራም ጥሩ ነው። ነገር ግን እየቀነሱ 12 እና 11 መድረስ ደግ አይደለም። ካቴናው በትንሽ ክብ ላይ ሲዞር በኃይል ይታጠፋል፤ ቶሎ ያልቃል። ከሥሩ ያለውን የካቴና መንሸራተቻ ፕላስቲክም ይፍቃል፤ ፕላስቲኩ ሲያልቅ ራሱን የብረቱን ክንድ ይበላል። በሌላ በኩል የኋላው ጥርስ በጣም ሲተልቅ ወደ መሬት ይቀርባል። እንደ ማክሊን ክሪክ ባለ ድንጋያማ ቦታ አንድ ቋጥኝ ሊያጣምመው ይችላል።

እኛ ጎማውን ልንለውጥ አልፈለግንም፤ ጎማው አዲስ ነበር። ስለዚህ ፊት 13፣ ኋላ 40 መረጥን። 40 ለ13 ሲካፈል 3.08 ነው። በትልቁ ጎማ ምክንያት ሲቀነስ 2.80 ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ከፋብሪካው ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ጠንከር ያለ ነው። የምንሄደው በዳገትና በጭቃ እንጂ በሜዳ ስላልሆነ ይስማማናል። አንዳንድ ሰው «መጨረሻ ፍጥነቱ ቀነሰ» ብሎ ያዝናል። እኔ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚነዳው ኳድ ፍጥነቱ በመቀነሱ ያዘነ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቀጥሎ የካቴናው ርዝመት አለ። 520 ካቴና በብዛት የሚሸጠው 120 ማያያዣ ሆኖ ነው፤ በልክ ይቆረጣል። የሁለቱ ጥርሶች ድምር ከ51 ወደ 53 ስላደገ አንድ ማያያዣ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋል። ካቴና ግን የሚቆረጠው በጥንድ ቁጥር ስለሆነ 95 የሚባል ነገር የለም። ወይ 94 አድርጎ አክስሉን 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ፊት መሳብ፣ ወይ 96 አድርጎ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ መግፋት ነው። ማስተካከያው በየትኛው በኩል ቦታ እንዳለው ሳታዩ አትቁረጡ። እኛ አዲሱን ካቴና ጥርሶቹ ላይ ጠቅልለን አይተን 96 ላይ ቆረጥን። ያለቀው ካቴና ምክንያት አክስሉ እስከ ዳር ተገፍቶ ስለነበር አዲሱ ሲገባ ወደ ፊት ተመልሶ መሐል ላይ አረፈ።

ሥራውን የሠራነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጋሼ ጋራዥ ነው። አንድ ጋራዥ ለእጅ ዋጋ ብቻ የጠየቀን ከዕቃው ዋጋ ይበልጥ ነበር። ኳዱን በክሪክ አንሥተን የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ሲለቁ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አደረግን። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሞተር አስነሥቶ ማርሽ አስገብቶ በሚዞር ካቴና ላይ ጨርቅ ይዞ የሚያጸዳ ሰው ጣቱን ይጣላል፤ ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም።

ጋሼ ያስተማሩኝ ዋናው ብልሃት ይህ ነው፤ አሮጌው ካቴና ደኅና ከሆነ ሳይወልቅ በፊት የፊቱን ጥርስ ዳዶ ላላ አድርጉ። ካቴናው ከወለቀ በኋላ ጥርሱን የሚይዝላችሁ ነገር ስለሌለ ዳዶውን ስትፈቱ አብሮ ይዞራል። ካቴናው ሳለ ግን አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን ይረግጥና ይፈታል። የእኛው ተበጥሶ ስለነበር መከራችንን አየን፤ ማርሽ አስገብተን በስንት ትግል ፈታነው። ከዳዶው ሥር የታጠፈ ሮንዴላ ካለ መጀመሪያ መታጠፊያውን በካቻቢቴና በመዶሻ ቀና አድርጉ። ስትመልሱም ማጠፍ እንዳትረሱ።

የኋላውን ጥርስ የያዙትን ብሎኖች በየተራ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እያጠበቃችሁ፣ መጨረሻ ላይ በመለኪያ ቁልፍ መመሪያው በሚለው ልክ ዝጉ። ከዚያ ካቴናው ይጠመጠማል፤ ሁለቱ ጫፎች የኋላው ጥርስ ላይ ሲገናኙ ጥርሱ ራሱ ይይዛቸዋልና ማገናኛውን ማስገባት ይቀላል። ኦ-ሪንግ ያለው ካቴና ከሆነ ከማገናኛው ጋር አራት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ አንዷም ብትቀር ውስጡ ያለው ግራሶ ያመልጣል።

አሁን የዚያን ቅዳሜ ጉዳይ እነግራችኋለሁ። የማገናኛው መቆለፊያ እንደ ዓሣ ቅርጽ ያለች ስስ ብረት ናት። አንደኛው ጫፏ ድፍን፣ ሌላው ክፍት ነው። ድፍኑ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ማለትም በላይኛው የካቴና መስመር ላይ ድፍኑ ወደ ፊት ያያል። ክፍቱ ወደ ፊት ከዞረ አንድ ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ሲነካው ፈልቅቆ ያወጣዋል። የተበጠሰው ካቴናችን ሲታይ ከጎኑ አልተሰነጠቀም፤ የተለያየው ማገናኛው ላይ ነው፤ መቆለፊያዋም የለችም። ከዚያ በፊት ባነሣነው ፎቶግራፍ ላይ ጋሼ አጉልተው አይተው በተቃራኒ ገብታ እንደነበር አገኙ። ያስገባት ማን እንደሆነ አናውቅም፤ እኛም ሦስት ወር ስንነዳ አላየናትም።

የካቴናው ልላት የሚለካው ከታች ባለው መስመር መሐል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በጣት በማንቀሳቀስ ነው። ብዙዎቹ ኳዶች ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ልክና አለካኩ ግን በመመሪያ መጽሐፉ ነው። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ላይ ለኩ፤ ሰውም አስቀምጡበትና እዩ፣ ሞላው ሲወርድ ካቴናው ይጠብቃልና። የላላ ካቴና ይዘላል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታ ይሰብራል፣ የሞተሩንም ዘንግ ይጎዳል። ከሁለቱ የሚከፋው የጠበቀው ነው፤ እየሄደ አይሰማችሁም።

ጽዳትን በተመለከተ ኦ-ሪንግ ያለውን ካቴና በቤንዚን አትጠቡ፣ በሽቦ ብሩሽም አትፈትጉ፤ በመኪና ማጠቢያም ቤት ኃይለኛውን ውኃ በቀጥታ አትልቀቁበት። ላምባና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ከዚያ አድርቆ የካቴና ቅባት መቀባት ነው። በወንዝ ውስጥ መንዳት በሕግም የተከለከለ ነው፤ ድልድይ ባለበት ተሻገሩ። የማክሊን ክሪክ ውኃ ወደ ኤልቦው ወንዝ፣ ኤልቦውም ወደ ግሌንሞር ግድብ ነው የሚገባው። ያ ጭቃ በመጨረሻ ወደ ራሳችን ሻይ ይመጣል።

እነሆ ወደ ደረሰኙ ደረስን። ሦስቱ ዕቃ 212 ዶላር፣ ከመቶ አምስት ጂ.ኤስ.ቲ. 10 ዶላር ከ60፣ ጠቅላላው 222 ዶላር ከ60 ሳንቲም፤ ለሦስት ሲካፈል 74 ዶላር ከ20። ጋሼ ድርሻቸውን ከፍለው ደረሰኙን ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ «ከታክሲው ጋር አስገባልኝ» አሉኝ። አልሆነም። ለመዝናኛ የሚነዳ ኳድ የግል ወጪ ነው፤ ቲ 2125 ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ታክሲ ነጂ ገቢው ከ30,000 ዶላር ቢያንስም ለጂ.ኤስ.ቲ. የመመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ የግል ዕቃ ጂ.ኤስ.ቲ. ከታክሲው ጋር ተመላሽ መጠየቅ ሁለት ስሕተት ባንዴ መሥራት ይሆናል። ሲ.አር.ኤ. መዝገብ ሲመረምር የታክሲ ባለቤት የካቴና ደረሰኝ ካገኘ የሚመለከተው ያን አንድ ወረቀት ብቻ አይሆንም።

በአንጻሩ ኳዳችሁን በረዶ ለመጥረግ በክፍያ የምታሠሩት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የካልጋሪ ደንብ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛ መንገዱ እንዲጠረግ ስለሚያዝ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። ያን ጊዜ ያለቀ ካቴና በአዲስ መተካት የጥገና ወጪ ስለሆነ በዚያው ዓመት ይቀነሳል፤ ኳዱ ራሱ ግን ንብረት ስለሆነ በየዓመቱ በእርጅና ተቀናሽ ነው የሚሄደው። ግማሹ ለሥራ፣ ግማሹ ለመዝናኛ ከሆነ ሰዓቱን በማስታወሻ መዝግባችሁ የሥራውን ድርሻ ብቻ ጠይቁ። ዕቃው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረሰኙ ላይ የሻጩ የጂ.ኤስ.ቲ. ቁጥር መኖሩን ተመልከቱ፤ ወረቀቱንም ስድስት ዓመት አቆዩ።

የኢሚግሬሽኑንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በመንግሥት መሬት ላይ የሚነዳ ኳድ ሰሌዳና ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል፤ ከግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄልሜት በአልበርታ ግዴታ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙው የማያውቀው ቢራውን ነው። ካምፕ ላይ ሁለት ሦስት ጠጥቶ ኳድ ማስነሣት በካናዳ የወንጀል ሕግ መኪና ከመንዳት አይለይም። ከዲሴምበር 18 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጠጥቶ የመንዳት ከፍተኛው ቅጣት አሥር ዓመት በመሆኑ፣ ዜግነት ያላገኘ ቋሚ ነዋሪ በዚህ ከተፈረደበት ቅጣቱ የገንዘብ መቀጮ ብቻ ቢሆን እንኳ በኢሚግሬሽን ሕግ «ከባድ ወንጀል» ተብሎ የመኖሪያ ፈቃዱን እስከ ማጣት ሊያደርሰው ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፤ ወደ ሒሳብ ሠራተኛ መምጣቱ አይጠቅመውም።

መስከረም ላይ ያንኑ ዳገት ልጁ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ሳይነካ ወጣው። ስንመለስ አዲሱን ካቴና ለካሁት፤ 20 ማያያዣው 318 ሚሊ ሜትር ነበር። አዲስ ካቴና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ስለሚረጋጋ ልላቱ ጨምሮ ስለነበር አክስሉን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋነው። ሸሪካችን የቅባቱን ቆርቆሮ ከሱቋ በርበሬ መደርደሪያ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ማንም ሳይፈርም አይወስድም።